የ1933 ልጆች

በ1916 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ ገቡ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰምተዋቸው፣ ወደዷቸው፣ አስመጧቸው። “አርባ ልጆች” ተባሉ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ላይ ዜማውን የደረሱለት ብሔራዊ መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በነገሡበት በዓል ላይ ተሰማ።

ያኔ ባንድ የሚባለው ነገር ዘፋኝ አልነበረውም። መለከቱና ከበሮው ለሰልፍ፣ ለእንግዳ አቀባበልና ለባንዲራ ነበር። ዘፈን ሌላ ቤት ነበረው፤ አዝማሪው ማሲንቆውን አንግቦ በየጠጅ ቤቱና በየድግሱ፣ እረኛው በየመስኩ ይዘውት ይዞሩ ነበር። ነሐሱና ጉሮሮው በአንድ መድረክ ላይ ለመገናኘት ገና አንድ ትውልድ ይቀራቸው ነበር።

በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ፤ ብዙ ወራት ሳይቆጠሩ ግን የጣሊያን ጦር ድንበር ጥሶ ገባና ሁሉም ነገር ቆመ።

ከዚያ 1933 መጣ። ለእኔ የዘመናዊ ዘፈናችን ታሪክ የሚጀምረው በዚህ ዓመት ነው። መስከረም 17 ቀን፣ በመስቀል ዕለት፣ አዲስ አበባ ገና በጣሊያን እጅ ሳለች ጥላሁን ገሠሠ ተወለደ። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በድል ተመልሰው ዋና ከተማቸው ገቡ። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 30፣ መርካቶ አሜሪካን ግቢ ከጉራጌ ቤተሰብ ማሕሙድ አሕመድ ተወለደ። በሰኔ ደግሞ ጅማ ላይ ዓለማየሁ እሸቴ። በፈረንጁ አቆጣጠር ጥላሁን የ1940፣ ሁለቱ የ1941 ሰዎች ስለሆኑ የውጭ ጸሐፊዎች ይህን አያስተውሉትም። በእኛ አቆጣጠር ግን ሦስቱም የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ ያም ዓመት የነፃነት ዓመት ነው። የአንድ ሀገር ሦስት ታላላቅ ድምፃውያን እንዲህ ተከታትለው መወለዳቸውን ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ከነፃነት በኋላ ዓለም ወደ አዲስ አበባ ከገባችባቸው በሮች አንዱ የልደታ ሰፈር ነበር። የዛሬው የልደታ ነዋሪ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ እያለ የሚጠራው ሜዳ የከተማዋ የአየር በር ሆነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከዚሁ ተነስቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ ሄደ። ቦሌ በ1950ዎቹ ተራውን እስኪወስድ ድረስ፣ ባቡሩ ከጅቡቲ ቀስ ብሎ የሚያመጣውን አውሮፕላኑ ልደታ ላይ በፍጥነት ያራግፈው ነበር። አሥመራ የሰፈረው የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያም በሬዲዮው የራሱን አገር ዘፈን ይረጭ ጀመር። የከተማው ወጣት ጆሮ ተከፈተ።

በዚህ ጊዜ የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ሥራቸውን ጀምረዋል። ማዘጋጃ ቤት፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ክቡር ዘበኛ፣ በኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፤ እሳቸው ያላስተማሩበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ቴአትሩ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ተመረቀ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው፤ ከልደታ ተነስቶ በሜክሲኮ በኩል በእግር የሚደረስበት። ነርሲስ የሀገሩን ቅኝት በፈረንጅ መሣሪያ ለማስማማት ብዙ ደክመዋል፤ ውለታቸው ተገቢውን ያህል አልተነገረም። ነገር ግን መሣሪያው ቢስማማም የሚዘፍንለት ሰው ያስፈልግ ነበር።

ያ ሰው ወሊሶ ውስጥ በአያቱ ቤት እያደገ ነበር። ጥላሁን የራስ ጎበና ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። አያቱ ትምህርትህን ያዝ ይሉታል፤ ሱዳናዊው ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ድምፅህን ያዝ ይሉታል። የሀገር ፍቅር ቡድን ወሊሶ ላይ ትርዒት ሊያሳይ መጣ፤ ከመጡት መካከል ንጋቷ ከልካይ፣ አስናቀች ወርቁና ኢዮኤል ዮሐንስ ይገኙበታል። ልጁ ኢዮኤልን ጠጋ ብሎ ምኞቱን ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ወሊሶ አልያዘችውም። ለማንም ሳይናገር በእግሩ ወደ ቱሉ ቦሎ ገሰገሰ፤ በኋላም በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ አዲስ አበባ ገባ። ሀገር ፍቅር ተቀበለው፤ ጥቂት ቆይቶ ክቡር ዘበኛ ወሰደው።

ክቡር ዘበኛ ማለት የንጉሡ ጠባቂ ጦር ነው። ሙዚቀኛውም ድምፃዊውም ደመወዝተኛ ወታደር ነበር፤ በትእዛዝ ይነሳል፣ በትእዛዝ ይቀመጣል። ከኋላው የትራምፔት፣ የሳክስፎንና የትሮምቦን ረድፍ ይቆማል። እዚህ ላይ ነው የጥላሁን ሥራ የሚደነቀው። ያን ሁሉ ነሐስ በጩኸት ሊያሸንፈው አልሞከረም። ትንፋሹን ቆጥቦ ቃሉን በዝግታ ያወጣል፤ የመጨረሻዋን ፊደል ይዞ ያርገበግባታል፤ ነሐሱ ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። ሲዘፍን ያለቅስ ነበር፤ እንባውም ከግጥሙ ሆድ የሚወጣ እንጂ ለመድረክ የተዘጋጀ አልነበረም። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ፤ በሁለቱም ቋንቋ አድማጩ የእኔ ነው አለው።

በታኅሣሥ 1953 የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ጋር ሆነው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። የጦሩ ድምፃዊም ከጦሩ ጋር ተጠረጠረ፤ ጥላሁን ታሰረ። ለጊዜው ነበርና ተፈታ፤ ወደ መድረኩም ተመለሰ።

በዚያው ጦር ባንድ ውስጥ የሐረሯ ብዙነሽ በቀለ ነበረች። ስለ እሷ ሲወራ ሁልጊዜ ከጥቁር አሜሪካውያን ዘፋኞች ጋር ያነጻጽሯታል። ንጽጽሩ አያስፈልጋትም። ብዙነሽ ኀዘንን ያለ ልቅሶ መዝፈን የምትችል ሴት ነበረች። ድምጿን ከፍ ልታደርገው ስትችል ትመልሰዋለች፤ ባንዱ ሲጋልብ እሷ ረጋ ትላለች። ሴት በወታደር ባንድ ፊት ቆማ እንዲያ በራስዋ ልክ መዝፈኗ በዘመኑ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1982 ዓ.ም. አካባቢ አረፈች። ከሥራዋ ስፋት ጋር ሲተያይ ስሟ ዛሬ በጣም በጥቂቱ ነው የሚጠራው፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ማሕሙድ መንገዱን የጀመረው ከታች ነው። ጫማ ጠርጓል፤ ከዚያም አሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ተቀጠረ። አሪዞና የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚጫወቱበት ቤት ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ግድም አንድ ምሽት ድምፃውያኑ ቀሩ። ማሕሙድ “እኔ ልዝፈን” አለ። ፈቀዱለት። ብዙም ሳይቆይ የክቡር ዘበኛ ድምፃዊ ሆነ፤ እስከ 1966 ድረስም እዚያው ቆየ። ድምፁ ከጥላሁን ይለያል። ጥላሁን አንዱን ቃል ይዞ ሲቆይ ማሕሙድ ቃሉን ፈትቶ በብዙ ትንንሽ ቅላጼ ይበትነዋል፤ አንዲት “ኧረ” በእሱ አፍ ስትወጣ የሙሉ ስንኝ ያህል መንገድ ትሄዳለች። የሚዞረው ግን በዘፈቀደ አይደለም፤ ምቱ ላይ በትክክል ይወርዳል። ይህን ለመቅዳት የሞከሩ ብዙ ናቸው፤ ቅላጼውን አግኝተው ምቱን ይስታሉ።

ዓለማየሁ የሌላ ጦር ልጅ ነው፤ የፖሊስ ሠራዊት። በልጅነቱ በአሜሪካ ፊልም ፍቅር ተነድፎ ሆሊውድ ልሄድ ብሎ ከቤቱ መጥፋቱና ምጽዋ ወደብ ላይ ተይዞ መመለሱ ይነገርለታል። ሆሊውድ ባይደርስም የኤልቪስን ጸጉርና አንገትጌ ፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ይዞት ገባ። ኮሎኔል ረታ ደመቀ የሚመሩት ያ ኦርኬስትራ ድፍረቱን ቻለለት። ዓለማየሁ ይጮኻል፣ ያቃስታል፣ ይስቃል። በላዩ ላይ ያለው ልብስ የአሜሪካ ነው፤ ሲጮኽ ግን የሚሰማው የእኛው ፉከራ ነው። ፈረንጆች “የአበሻው ኤልቪስ” ወይም “የኢትዮጵያው ጀምስ ብራውን” ይሉታል። እንደ ምስጋና ይሁንላቸው፤ ለእኔ ግን ዓለማየሁ ዓለማየሁ ነው።

እስከዚህ ድረስ ይህ ሁሉ ድምፅ በሬዲዮና በመድረክ የሚያልፍ ነበር። በ1940 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ሸክላ የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ስለነበር የዘመኑ ዘፈን በግለሰብ ሊታተም አይችልም ነበር። በ1961 ዓ.ም. ግን ሙዚቃ ቤት የከፈተ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ደንቡን ተዳፍሮ በራሱ ስም ሸክላ አሳተመ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ ሕንድ አገር ታትሞ መጣ። ሲደርስ መንግሥት ምን ይል ይሆን ተብሎ ተፈራ። ማንም አልነካውም። አምሃ በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ አንድ መቶ የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችንና ደርዘን ያህል ረጃጅሞችን አወጣ። አሊ አብደላ ከይፋ ተከተለ፤ የፊሊፕስ ኩባንያም ነበረ።

ሸክላው ድምፃውያኑን ለወጣቸው። ትንሿ ሸክላ በአንድ ፊቷ የምትይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። በመድረክ ላይ ሩብ ሰዓት የሚያዜም ሰው መግቢያውን፣ ስንኙን፣ ቅላጼውንና መውጫውን በዚያች ጠባብ ጊዜ ውስጥ መጨረስ ነበረበት። ቀረጻው ባንዱና ድምፃዊው አብረው ቆመው በአንድ ጊዜ ነው፤ አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው ይነሳሉ። ዛሬ አንዱን መስመር ሃያ ጊዜ ቀርጾ ጥሩውን መምረጥ ይቻላል። ያኔ ጉሮሮው እውነተኛ መሆን ነበረበት። በሸክላዎቹ ውስጥ የምንሰማው ሙቀት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ከጦሩ ውጭም ባንዶች ተወለዱ፤ ሶል ኤኮስ፣ ኢኳተርስ፣ ዳህላክ፣ ዋልያስ፣ አይቤክስ። ከጅማ ተነስቶ እስከ አሜሪካ ተምሮ የተመለሰው ሙላቱ አስታጥቄ ቅንብሩን ይዞ መጣ። ግርማ በየነ በፒያኖም፣ በቅንብርም፣ በድምፅም አገለገለ። በኅዳር 1966 ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ሜዳይ ተቀበለ። ዓመቱ ሳያልቅ አብዮቱ ፈነዳ።

በ1967 ዓ.ም. ማሕሙድ ከአይቤክስ ጋር “ኧረ መላ መላ”ን ቀረጸ። በዚህ ባንድ ባስ ጊታር የሚመታው ጆቫኒ ሪኮ ነው፤ ጊታሩ የሰላም ሥዩም። ባሱ እየተንከባለለ ይሄዳል፣ ጊታሩ ይቆርጣል፣ ሳክስፎኑ ይመልሳል፤ ማሕሙድ ደግሞ በላያቸው እንደ ጭልፊት ይንሳፈፋል። ማሕሙድ ሲወለድ ጣሊያን ከአዲስ አበባ የወጣው ገና መውጣቱ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ቆይቶ ጆቫኒ የሚባል ሰው ባሱን ይዞ ከኋላው ቆመ። ከተማ ቁስሉን የሚያድነው በንግግር ብቻ አይደለም።

በነዚያው ዓመታት ጣሊያን ውስጥም ባንዶች ትልቅ ነገር እየሞከሩ ነበር። ሮክን ከክላሲካል ሙዚቃ ጋር አጋብተው ረጃጅም ድርሰት ይጫወቱ ነበር። ከሁሉ የገነነው ፕሪሚያታ ፎርኔሪያ ማርኮኒ ሲመሠረት ለብቻው የተመደበ ድምፃዊ አልነበረውም፤ መሣሪያ የሚጫወቱት ራሳቸው ይዘፍኑ ነበር፤ በርናርዶ ላንዜቲን የቀጠረው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ባንኮ የተባለው ባንድ ግን ፍራንቼስኮ ዲ ጃኮሞን ከፊቱ አቆመ፤ ሙሉ ጺም ያለው ግዙፍ ሰው፣ ድምፁ ግን የኦፔራ ቤት ጨዋ። አሪያ ከተባለው ባንድ ፊት ደግሞ ከግሪክ ወላጆች እስክንድርያ ላይ የተወለደው ዲሜትሪዮ ስትራቶስ ቆመ፤ ድምፁን ራሱን እንደ መሣሪያ እየመረመረ ባልተሰሙ መንገዶች ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በ34 ዓመቱ ሞተ። እነዚህን ሁለቱን ስሰማ የእኛዎቹ ይገቡኛል። የትም አገር ይሁን፣ አዲስ መሣሪያ ይዞ የመጣ ባንድ የሀገሩ ሰው ልብ ውስጥ የሚገባው ከፊቱ በቆመው ጉሮሮ በኩል ነው። ልዩነቱ እዚያ ድምፃዊውን ባንዱ መፈለግ ነበረበት፤ እዚህ ባንዱ ድምፃዊውን ካገኘ ወዲህ ለእሱ ሲል ኖረ።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ከአብዮቱ በኋላ ሰዓት እላፊው መጣ። ምሽት የሚኖር ሙዚቃ ምሽቱን ተቀማ። ክለቦች ተዘጉ፤ ትላልቅ ሆቴሎች ግን በራቸውን ዘግተው እስኪነጋ ማጫወት ያዙ፤ የዋልያስ ባንድ ሂልተን ውስጥ እንዲያ ነበር። ሸክላ ማሳተም እየቀረ ካሴት ተተካ። አምሃ እሸቴ በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደ። ዋልያስ በ1973 ዓ.ም. ለጉዞ አሜሪካ ሲሻገር ከአባላቱ የቀሩ ነበሩ፤ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነዳ፣ ግርማ በየነ ነዳጅ ማደያ ሠራ። የአይቤክስ ልጆች ሮሃ ባንድ ሆነው እዚሁ ቀሩ። የዚያን ዘመን የካሴት ድምፃዊ ማን አጀበው ብትሉ መልሱ ብዙ ጊዜ ሮሃ ነው።

ከዚህ ትውልድ ታናሹ ሙሉቀን መለሰ ነበር። ጎጃም ተወልዶ፣ እናቱን በልጅነቱ አጥቶ፣ ገና ልጅ ሳለ ፖሊስ ኦርኬስትራ ፊት ቆመ። ድምፁ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው፤ ከፍ ሲል አይሰነጠቅም። ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራቸውን ስሰማ ከሁሉም ይልቅ እሱ ይቀርበኛል፤ ሌሎቹ ሲዘፍኑ እናደንቃቸዋለን፣ ሙሉቀን ሲዘፍን ግን እናምነዋለን። በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ ዘፈኑን ተወ፤ ወንጌላዊ አማኝ ሆኖ መዝሙር ዘመረ። ውሳኔው የእሱ ነበር፤ ካሴቱ ግን በየታክሲው መዞሩን አላቆመም።

በ1978 ዓ.ም. ቤልጅግ ያለው ክራምድ ዲስክስ “ኧረ መላ መላ”ን በአውሮፓ አወጣ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ “ኢትዮፒክስ” በሚል ተከታታይ የአምሃንና የከይፋን ሸክላዎች አንድ በአንድ ለዓለም መለሰ። በ1999 ዓ.ም. ማሕሙድ የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት አገኘ። የፋልሴቶ ውለታ ትልቅ ነው። ነገር ግን በውጭ አገር ስለዚህ ሙዚቃ የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ምቱ፣ ስለ ኦርጋኑ፣ ስለ ሳክስፎኑ ነው፤ ቃሉ ስለማይገባቸው ድምፁን እንደ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ይሰሙታል። ይህ ፍርድ ጎደሎ ነው። ጥላሁን አንዲት ቃል ላይ ለምን እንደቆየ የሚያውቅ ግጥሙ የገባው ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ እነዚህን ድምፃውያን በሚገባቸው ልክ ማድነቅ የእኛ ሥራ ነው፣ ሌላ ሊሠራልን አይችልም።

ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት፣ ጥላሁን አረፈ። በመንግሥት ደረጃ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ፤ ከተማው ነቅሎ ሸኘው። በመስቀል ተወልዶ በፋሲካ አረፈ። በሚያዝያ 2013 አምሃ እሸቴ፣ በነሐሴ 2013 ዓለማየሁ እሸቴ፤ ሸክላውን ያሳተመውና የመጀመሪያውን ሸክላ የዘፈነው በአንድ ዓመት ሄዱ። በ2016 ሙሉቀን በአሜሪካ አረፈ።

ልደታ በዚህ መካከል ተለውጣለች። አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ቀላል ባቡር በልደታ ጣቢያ አልፎ ሜክሲኮ ይወርዳል። ሰው ቤት ሲለቅ ዕቃ ይቀንሳል፤ መጀመሪያ ከሚቀነሱት ዕቃዎች መካከል የማይሠራ የሸክላ ማጫወቻና ከሥሩ የተደረደረው ሸክላ ይገኛሉ። የአምሃ፣ የከይፋ ወይም የፊሊፕስ ሸክላ፣ ወይም ስሙ በእጅ የተጻፈበት ካሴት ቤታችሁ ካለ እባካችሁ አትጣሉት። አቧራውን ጥረጉ፣ ከፀሐይ አርቁት፣ አቁማችሁ አስቀምጡት፣ ለሚያውቅ ሰው ሰጥታችሁ ወደ ኮምፒውተር አስገልብጡት። አባትና እናት፣ አያትም በሕይወት ካሉ አብራችሁ ተቀምጣችሁ አድምጡት፤ ማን እንደዘፈነው፣ ማን እንዳጀበው፣ የት እንደሰሙት ጠይቋቸውና ስሙን ከሽፋኑ ጀርባ ጻፉበት።